የእትዬ አሰገደች አንፊላዳ

ሁላችንም ማንም የማይጠይቀን አንድ እውቀት አለን። አንዱ የአሮጌ ኦፔል ካርቡራተር ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥማል፤ በሚኖርበት ከተማ ኦፔል የለም። ሌላው የቡልጋሪያን የወይን እርሻ ሕግ አንድ በአንድ ያውቃል፤ የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ በመጫን ነው። እንዲህ ዓይነቱ እውቀት ሥራ ማመልከቻ ላይ ቢጽፉት ቦታ ይይዛል እንጂ ሥራ አያስይዝም። ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም። አንድ ቀን፣ አንድ ግብዣ ላይ፣ አንድ ሰው ወደ እኔ ዞር ብሎ ይጠይቀኛል እያለ ይጠብቃል።

የእኔ እውቀት የሩሲያ መኳንንት የገጠር ግቢ ነው።

አትሳቁ። የተላክሁት ለዚህ አልነበረም። መንግሥት ሞስኮ የላከኝ አርክቴክት ሆኜ ስመለስ ለሰፊው ሕዝብ ርካሽ አፓርታማ እንድነድፍ ነበር። መምህራኖቻችን ግን ትምህርት ሲዘጋ ሜትር አስይዘው ወደ ገጠር ይወስዱን ነበር፤ የፈራረሰ የጌቶች ቤት ለመለካት። እኔም አንዱን ለካሁ፣ ሌላውን ለካሁ፣ በዚያው ቀለጥኩ። የመመረቂያ ሥራዬም በእሱ ሆነ። ሰፊው ሕዝብ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩሲያ መኳንንት ዘመናቸውን ሙሉ በግዴታ ዛሩን ሲያገለግሉ ኖረው፣ ኋላ ላይ ከዚህ የሚያወጣቸው አዋጅ ወጣ። ጌቶች ወደየርስታቸው ተመለሱ። እዚያ ምን አለ? ጭቃ፣ በረዶ፣ ብዙ ገባርና ብዙ መሰልቸት። መሰልቸትና የነጻ ጉልበት አንድ ላይ ሲገናኙ ምን ይወልዳሉ? ዓምድ። መካከል ላይ ዓምድ የተደረደረበት ዋና ቤት፤ ግራና ቀኙ ሁለት ትንንሽ ቤቶች እንደ ሚዜ፤ ከኋላ መናፈሻና ኩሬ። በረዶው ወገብ በሚያክልበት አገር በመስታወት ቤት ውስጥ አናናስ ያበቀሉም ነበሩ። ዓምዱን በጣታችሁ ብታንኳኩት ደግሞ ድንጋይ አይደለም፤ እንጨት ነው፣ በላዩ ልስን። የእኛው የጭቃ ቤት የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ፈረንሳይኛ በመናገሩ ብቻ ይበልጠዋል።

ከአብዮቱ በኋላ አንዱ ትምህርት ቤት ሆነ፣ አንዱ የሕሙማን ማገገሚያ፣ አንዱ የትራክተር ጋራዥ። ቀጫጭን ወይዛዝርት የጨፈሩበትን አዳራሽ የድንች ከረጢት እየገፋሁ ለክቻለሁ። ኩራቴ ከዚያ ይጀምራል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አንፊላዳ!

አንፊላዳ ማለት የክፍሎቹ በሮች ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መቆማቸው ነው። ሲከፋፈቱ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ እስከ መጨረሻው ያያል። በር፣ በበሩ ውስጥ በር፣ በዚያ ውስጥ ሌላ በር፣ ጫፉ ላይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሁለት ረድፍ ዛፍ። የጌታው ቤት ትንሽም ቢሆን የእንግዳው ዓይን ማለቂያ ያጣል። ያኔ እንግዳው በልቡ ይሰግዳል። የአንፊላዳ ሥራው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ አሜሪካ ገባሁና ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። የምሥለው የመኪና ማቆሚያ ነው። የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ሕንጻ በሕንጻ ላይ ያቆማሉ፣ ሕንጻውን ሌላ ሰው ይነድፋል፣ እኔ መኪኖቻቸው የሚቆሙባቸውን ነጫጭ መስመሮች አሰምራለሁ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። ጠዋት ኤይት ኤይቲ በሚባለው አውራ ጎዳና ትራፊክ ላይ ቆሜ፣ ማታ ኤይት ኤይቲ ላይ ቆሜ፣ በመካከሉ ሰው መኪና የሚያቆምበትን እሥላለሁ። ሕይወቴ በሙሉ መቆሚያ ሆኖ ነበር። አርክቴክት ነኝ እያልኩ፣ ይህ የእኔ ነው ብዬ እጄን የምጭንበት አንድ ግድግዳ እንኳ በዓለም ላይ አልነበረኝም። አንድ! በር እንኳ ቢሆን!

እንዲህ እያለሁ እትዬ አሰገደች ቤት ገዙ።

ይህን ዓረፍተ ነገር በችኮላ እንዳታልፉት። እትዬ አሰገደች በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ያለችው ኒውአርክ አጠገብ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ዓመታት ሰው አንስተው ሰው አስተኝተዋል፣ ሁለት ሺፍት በላይ በላዩ ሠርተዋል፣ ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር አንዲት መኝታ ቤት ውስጥ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። እና ቤት ገዙ። ሳን ሆዜ። ከነጋራዡ፣ ከነጓሮው። እኛ አማርኛ ቸርች የምንሄደው ሁሉ የራሳችን ያህል ኮራን።

በስልኬ ማሽን ላይ መልእክት ተዉልኝ። “ኢንጂነር፣ ጌታ ይባርክህ፣ ዛሬውኑ ኮል አድርግልኝ።” አርክቴክት እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም ብዬ ማረም ድሮ ነው የተውኩት። እኛ ዘንድ ግድግዳ የነካ ሁሉ ኢንጂነር ነው።

የፈለጉት ቀላል ነበር። የቤት ኅብረት ሲመጣ ሰው እንዲበቃ፣ ሳሎኑንና ምግብ ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳ ከፈት ማድረግ። ሄድኩ፣ አየሁ፣ ልቤ ድው አለ። ቤቱ ረጅምና ዝቅ ያለ ነው። ሳሎን፣ ምግብ ክፍል፣ ኩሽና፣ ጋራዥ፣ ጓሮ፤ ሁሉም በተርታ። በሮቹ ብቻ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ። ሁለቱን ገፋ፣ አንዱን ሰፋ ባደርጋቸው ከሳሎኑ ወንበር እስከ ጓሮው የሎሚ ዛፍ ድረስ አንድ መስመር ይወጣል። ሞስኮ አጠገብ ሲፈርስ የለካሁት ነገር እዚህ ሳን ሆዜ ውስጥ ሊሠራ ነው!

እትዬን ለመንኳቸው። ሁሉንም በሮች ላስተካክልልዎ፣ የእኔን ድካም በነጻ፣ አልኩ። ለምን አሉኝ። ለክብር አልኩ። “ክብር ለጌታ ነው” አሉና ጥቂት አሰቡ፤ ቀጥለውም “ስንት ቀን ይፈጃል?” አሉ።

ነደፍኩ። ፈቃድ አወጣሁ። ከፍሩትቬል አንድ አናጢ አመጣሁ። የመጨረሻው በር ሲከፈት ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ አየሁ። በር፣ በር፣ በር፣ በር፣ ሎሚ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእትዬ ልጅ ቤቲ፣ አማርኛ አሳምራ እየሰማች በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልሰው፣ አጠገቤ መጥታ አየችና “ማም፣ ኢትስ ኤ ቦውሊንግ አሊ” አለች፤ ኳስ የሚያንከባልሉበት ረጅም ቀጭን አዳራሽ ማለቷ ነው። እናትየው ምን አለች አሉኝ። ሰፊ ነው አለች አልኳቸው።

አሁን ስለ እትዬ አሰገደች ዶሮ ወጥ መናገር ግድ ነው።

ከዳሊ ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ በአማርኛ የሚያመልክ ሁሉ የሳቸውን ዶሮ ያውቃል። ቸርቻችን ውስጥ የሚያገቡ ልጃገረዶች ሙያ የሚማሩት እሳቸው ዘንድ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ከበሩ ላይ አየሩን ይስቡና “ይሄ ሽንኩርት ቸኩሏል” ብለው ይፈርዳሉ። ይግባኝ የለውም። ባለቤቷ ከዚያ በኋላ ምን ብታቀርብ አይበላላትም። ከተፈረደባቸው አንዷ እህት አልማዝ ናት፤ ያን ቀን አልረሳችም።

ለቤቱ ምርቃት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም ተጠራን። “በገዛ እጄ የሠራሁትን ዶሮ ትቀምሳላችሁ” ብለው በጉባኤው ፊት ተናግረዋል። የተናገሩት ግን አምላክ ሳምንቱን ከማሳየቱ በፊት ነበር። በዚያ ሳምንት መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ታመሙና የሦስት ሰው ሥራ በእትዬ ላይ ወደቀ። ዶሮ መገነጣጠል ቀርቶ ጫማቸውን የሚያስሩበት አቅም አልነበራቸውም። ይህን እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያደረጉትን ማንም ጄኔራል አያፍርበትም። ኦክላንድ አንድ ምግብ ቤት ደወሉና ዶሮውን አዘዙ። ሰውዬው በጓሮ ይመጣል፣ በጋራዥ ይገባል፣ ትሪውን ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ሰዓቱ? ፓስተሩ ሲጸልዩ። ያኔ የሁሉም ዓይን ጭፍን ነው። ፓስተራችን ሲጸልዩ ደግሞ ጊዜ ይበቃል፤ ሰው አግብቶ መውለድ ይችላል።

እንግዲህ ሁለት እቅድ አውጪዎች አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳችን ስለ ሌላችን ሳናውቅ። እሳቸው የማይታይ ነገር አቅደዋል፤ እኔ ሁሉ የሚታይበትን ሠርቻለሁ።

የፓስተሩን ወንበር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ልክ በመስመሩ ራስ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሮቹ አድርጌ። ሌላውን ሰው ግራና ቀኝ ደረደርኩት። በሮቹን አንድ በአንድ ሄጄ ከፈትኳቸው። አንፊላዳ ተዘግቶ ምን ዋጋ አለው?

ጸሎቱ ተጀመረ። ለመሠረቱ ተጸለየ፣ ለጣራው ተጸለየ፣ ለቧንቧው ተጸለየ። ወረቀት ላላገኙ፣ ወረቀት አግኝተው ሥራ ላላገኙ፣ ሥራ አግኝተው እንቅልፍ ላላገኙ ተጸለየ። እውነቱን ለመናገር እኔ አንድ ዓይኔን ከፍቼ መስመሬን እያየሁ ነበር። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ የኤይት ኤይቲ ትራፊክ ግን ከጸሎቱም ረዘመ። ፓስተሩ “በኢየሱስ ስም” ብለው፣ ሁላችንም “አሜን” ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ የጋራዡን የጓሮ በር ጥላ ሞላው።

በአራት በሮች ውስጥ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ተሰካ የሥዕል ፍሬም፣ ከኋላው የሎሚ ዛፍ፣ በመካከል አንድ ሰው በሁለት እጁ ትልቅ የአልሙኒየም ትሪ ተሸክሞ ቆሟል። ፀሐይ ትሪውን አብርታዋለች። ይቅርታ አድርጉልኝና መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እንዴት ያምራል! የሚል ነበር።

ሰውዬው ደግሞ ጨዋ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ ካየ በኋላ ትሪ ጋራዥ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነውር መሰለው። መንገዱም ቀጥ ብሎ ይጠራዋል። ኩሽናውን አለፈ፣ ምግብ ክፍሉን አለፈ፣ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆመና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። “እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትራፊኩ ነው። ዶሮው ይኸው። እንቁላሉን እንዳሉን ለብቻ አድርገነዋል፤ ጎመኑ መኪና ውስጥ ነው።”

እህት አልማዝ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቃው ይሆን? “ውይ!” አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋ ግን በጣቶቿ መካከል በደንብ ይወጣል። “እትዬ አሰጉ! ዶሮው ከሬስቶራንት ነው እንዴ?”

እትዬ አሰገደች ሰውዬውን አላዩም። አልማዝንም አላዩም። ያዩት እኔን ነው። ከዚያ በሮቹን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። በዚያ ዓይን ውስጥ በሮቼ አንድ በአንድ ሲዘጉ ታየኝ፤ በዓለም ላይ ያለኝ ብቸኛ ሥራ ከነልስኑ ሲደፈን።

ተነሣሁ። ምን ልል እንደ ተነሣሁ አላውቅም። አፌ ግን ያውቅ ነበር።

“ወገኖቼ፣” አልኩ፣ “ይህ የምታዩት አንፊላዳ ይባላል!” እጄን ዘረጋሁ። የሩሲያ ጌቶችን ጠራሁ። ዓምዱን፣ አዳራሹን፣ አናናሱን ሳይቀር አመጣሁት። ከዚያም በእነዚያ ቤቶች ታላቅ ሰው የሚታወቀው በምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። አላወቁም። በኩሽናው! ተራ ሰው ኩሽናው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሽንኩርቱ ከእንግዳው ጋር ይቀመጣል። ጌታ ግን ኩሽናውን ያርቃል፤ ከሁለቱ የጎን ቤቶች በአንዱ፣ ከግቢው ማዶ ይሠራዋል። ወጡ ክዳን ተደፍቶበት፣ በአሽከር እጅ፣ በረዶ አቋርጦ ይመጣል። ኩሽናው በራቀ ቁጥር ጌትነቱ ይገዝፋል። አርባ እርምጃ ያራቀ አለ፣ መቶ ያራቀ አለ። “እኔ በእጄ ለክቻለሁ!” አልኩ። “ታዲያ ኦክላንድ ድረስ ያራቀ ጌታ በሩሲያ ታሪክ የለም። እትዬ አሰገደች የመጀመሪያዋ ናቸው።”

መቶ ያልኩት ላይ ትንሽ ጨምሬ ይሆናል። የቀረው ግን ሁሉ እውነት ነው። ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ድንች ገፍቼ፣ በዓለም ላይ የጠቀመኝ አምስት ደቂቃ ይህች ናት፤ በሕይወቴም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አልማዝ እጅ አልሰጠችም። “ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ወጡ አይቀዘቅዝም?” አለች።

“ይቀዘቅዛል እንጂ!” አልኩ። “ጌቶች ሲበሉ የኖሩት ቀዝቃዛ ነው። ምልክቱ እሱ ነው።”

ፓስተሩ ብድግ ብለው እጃቸውን ትሪው ሆድ ላይ አሳረፉ። “ይኸኛው ትኩስ ነው” አሉ። ከዚያም ወደ እትዬ ዞረው፣ “እትዬ፣ ከሩሲያ ጌቶችም በለጡ።” ሳቅ ቤቱን ሞላው። አንዷ ከኋላ ሃሌሉያ አለች። ሰውዬው ጎመኑን አመጣ፤ በአንፊላዳው በኩል፣ አሁን ደረቱን ነፍቶ እንደ ቤተ መንግሥት አሳላፊ። እትዬ ትሪው እስኪቀመጥ ጠበቁና አየሩን ሳቡ። “ሽንኩርቱ አልቸኮለም” አሉ። ተበላ። እትዬ ሦስተኛው ሰሃን ላይ ሲደርሱ “እኔ ኩሽናዬ ኦክላንድ ነው” እያሉ ነበር። አልማዝም በላች፤ ሁለቴ ጨመረች።

በማግስቱ ስልኬ ላይ መልእክት አገኘሁ። “ኢንጂነር፣ ኮል አድርግልኝ።” ጌታ ይባርክህ የሚለው የለበትም።

ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ። “ትናንት አፍህ አዳነኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። “በሮችህ ግን ገድለውኝ ነበር። ዝጋልኝ።”

ለመንኩ። ይህ በአሜሪካ የሠራሁት ብቸኛ ነገር ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ሸለቆ ውስጥ የለም አልኩ። እሳቸው ረጋ ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። “እነዚያ ጌቶችህ፣ ጓዳ አልነበራቸውም?”

ልዋሽ እችል ነበር። ግን የመመረቂያ ሥራዬ ነው፤ በእሱ አይዋሽም። ነበራቸው አልኩ። ያ ሁሉ የተከፋፈተ አዳራሽ ለእንግዳ ነው። ጌታውና ልጆቹ የሚኖሩት ከበላዩ ወይም ከጀርባው፣ ጣራው ጭንቅላት በሚነካ ትንንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ይተኛሉ፣ እዚያ ይጣላሉ፣ እዚያ ካልሲያቸውን ይጥፋሉ። ማንም አያያቸውም።

“እና የእነሱን እያወቅህ የእኔን ለምን ወሰድክብኝ?” አሉ።

ያን ሁሉ ዓመት ሰው አንስተው ያስተኙ ሴት፣ ደክሞኛል ብለው የማያውቁ ሴት፣ የሚደክሙበት አንድ ስፍራ ቢፈልጉ፣ ለዚህ መልስ ያለው አርክቴክት የት ተምሮ ነው? ግድግዳውን ለመድፈን ሜትሬን አወጣሁ። መለካት ስጀምር ከኋላዬ “ቆይ” አሉ። “ልስኑ አዲስ ነው፣ ይቅር። መጋረጃ ይበቃል።”

እንዲህ ሆነና ሁለተኛው በር ላይ ከጣራ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም ቀይ ከፋይ ተሰቀለ። ፓስተሩ መጥተው ሲያዩት ቀለዱ፤ እኛ እኮ መጋረጃው ተቀደደ ብለን የምንሰብክ ሰዎች ነን አሉ። “የተቀደደው የቤተ መቅደሱ ነው፣ ፓስተር” አሉ እትዬ። “የእኔ የጓዳ ነው።”

አንፊላዳዬ አለ። እንዲህ ስል ኩራት ይሰማኛል። ልስኑ አልተነካም፣ መስመሩ አንዲት ጣት አልተዛነፈም። በቅርቡ የቤት ኅብረት ላይ ዲቪ ደርሶት የመጣ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ከፋዩን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ እትዬ፣ ከዚህ ጀርባ ምንድን ነው ያለው ብሎ ጠየቀ።

እትዬ አሰገደች ቀና ብለው ተቀመጡ። “አንፊላዳ ነው” አሉ፣ ቃሉን አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ። “የሩሲያ ጌቶች ቤት እንጂ ሌላ ቦታ አታገኘውም። የሠራው ይኸው አጠገብህ ያለው ኢንጂነር ነው።”

ወጣቱ በአክብሮት አየኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ሊመጣ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። እሱ ግን ወደ እትዬ ዞሮ፣ ታዲያ ቢገለጥና ብናየውስ አለ።

“አይታይም!” አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው። “የጌቶች ነው ስልህ!”